የሊጋያ መቃን

በኪሴ ብይ አለች፣ የልጅ መጫወቻ፤
ከመሣሪያዬ ሁሉ የማምነው እሷን ብቻ።
ከወለሉ መሐል ቀስ አድርጌ ሳኖራት
ትቆማለች ጥቂት፤ ከዚያ፣ ሰው እንደጠራት፣
ዞር ብላ ትሄዳለች ወደ ባሕሩ በኩል፣
ከምድጃው ሥር አልፋ፣ እስከ ጥጉ ስትንከባለል።

አገሩ አላሚዳ፣ ቤይ ፋርም የሚሉት ሰፈር፣
ባሕር ላይ የተነጠፈ፣ ከባሕር የወጣ አፈር።
ሥራዬ ማቃናት ነው፤ ያዘመመውን ቤት
በስቶ፣ አረፋ ነፍቶ፣ ከፍ ማድረግ ጥቂት።
"ስንት ዓመት ይቆያል?" ይሉኛል ሲከፍሉ።
"ዋስትናው አምስት ዓመት" እላለሁ። ይስቃሉ።
እያሳሳቀ ነው ውሃ የሚወስደው፤
እኔም እስቃለሁ፣ ደሞዜ ከዚያው ነው።

ሊጋያ ጡረተኛ ናት፣ የድሮ አዋላጅ ነርስ።
ይህን ቤት ስትገዛ፣ ሻጩ ተስፋ ሲያፈስ፣
"ደረቅ መሬት ነው" ብሎ አስፈረማት በቃሉ።
ደረቁስ እሱ ነበር፤ እርጥብ ነው መሬቱ ሁሉ።

መሰርሰሪያው ወረደ፣ ሴራሚኩን ሰብሮ፣
ኮንክሪቱን አልፎ፣ አሸዋውን ቆፍሮ።
አሸዋው አለቀ።
ከዚያ ሽታ መጣ፦ የበሰበሰ ሣር፣
የጨው፣ የክብሪት፣ የታፈነ ነገር፣
በወጥ ቤቷ መሐል፣ በማቀዝቀዣው ጎን።
ከጥቁሩ ጭቃ ጋር አንድ ዛጎል ወጣልን፣
ነጭ፣ እንደ ጆሮ፤
ሲያዳምጥ የኖረ ከእግራችን ሥር ተቀብሮ።

ጎረቤቷ ሱዛ ከመንገድ ሸቶት ኖሮ
ምርኩዙን ይዞ ገባ፣ በሩን ሳያንኳኳ ዘሎ፤
ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው።
"ይህን ሽታ አውቀዋለሁ" አለ፣ "እኔ ነኝ የቀበርኩት።
አባቴ ከዳር ሆኖ አስፓራገስ ሲያርምበት
እኔ ቱቦ ይዤ፣ ከባሕሩ ወለል
አሸዋ መጥጬ ደፋሁት እዚህ መሐል፣
ቀንም ሌትም ሳልል፣ ሁለት ክረምት ሙሉ።
የሰዓቱ ክፍያ ደህና ነበር።
መርከቡ ይጮሃል፣ ወፎቹም ይጮሃሉ።
ከዚያ መርከቡ ብቻ።"

አንዲት ወፍ ነበረች፣ ከመብረር መሮጥ የምትወድ፣
ጅራቷን የምትቆላ፣ ሣሩን አርጋ መንገድ።
አይጥም ነበረች አሉ፣ የጨው ውሃ የምትጠጣ፣
ባሕሩ ሲሞላባት ሣር ጫፍ የምትወጣ፣
አውራ ጣት የምታክል። ማን አይጥ ይቆጥራል?
በሽያጩ ውል ላይ ስሟ የት ይገኛል?
ረግረጉም ደንበኛ ነበር፤ ማዕበል ሲመጣበት
ይጠጣው ነበር ዝም ብሎ፣ ሳይጠይቅ ክፍያ ለጉልበት።
አሁን ግንብ አቆምን። ግንብ ውሃ አይጠጣም፤
ወደ ጎረቤት መግፋት እንጂ ሌላ ሙያ የለውም።

በጥር፣ ጨረቃ ስትሞላ፣ ባሕሩም አብሮ ይሞላል፤
ዝናብ ሳይኖር፣ ሰማዩ ጠርቶ፣
አስፋልቱ ውሃ ይተፋል
በፍሳሹ ቀዳዳ። ሊጋያ ቦቲዋን አድርጋ
ፖስታዋን ልታመጣ ትወጣለች፣ ቀሚሷን ሰብስባ።
ደብዳቤው የማዘጋጃ ቤት ነው፦
ግንቡን ከፍ ማድረጊያ፣ መዋጮ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ።

አረፋውን ነፋሁት። ቤቱ ቃተተ፣ ተነሳ፣
ሁለት ጣት ያህል።
መስኮቱ ለዓመታት እምቢ ያለው ተከፈተ።

ሊጋያ እጄን ይዛ ወሰደችኝ ወደ መቃኑ።
በእርሳስ የተሰመረ፣ ከነቀኑ፦
በአንዱ ወገን የአማዶ፣ የልጅ ልጇ ቁመት፣
ከታች ወደ ላይ፣ በየልደቱ ዕለት፤
በሌላው የቤቱ፣ ከላይ ወደ ታች።
"ዛሬን አንተ ጻፍልኝ፣ ባለሙያው" አለች።
እርሳሱን ይዤ ቆምኩ። ያነሳሁትን ልጻፍ፣
ወይስ የሚወርደውን? ጻፍኩት፣ ከዳር፣ ከጫፍ፣
ቀኑን ብቻ።

ብይዋን ለአማዶ ሰጠሁት። "ስትሄድ ደውልልኝ" አልኩት።
ከወለሉ መሐል አኖራት። ቆመች። ትንፋሻችንን ዋጥን፣
ሦስታችንም፣ ለአንዲት ብርጭቆ ፍሬ አጎንብሰን።

ሱዛ ግን አላያትም። ዛጎሉን በመዳፉ ይዞ
በተከፈተው መስኮት በኩል ጆሮውን ሰጥቶ ነበር፣
አንድ ወፍ ትጮህ እንደሆነ።